ሰው በራሱ ይደርሳልን?

በከተማችን ስለ ሰው ጠባይና ዕጣ ሲወራ ሁለት አባባሎች ከሁሉም በላይ ይደጋገማሉ። አንደኛው ጥፋት በሠራ ሰው ላይ የሚሰነዘር ነው፤ «ተዉት እባካችሁ፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ነው» ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ የተሳካለት ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። ሱቁን ወደ ሕንፃ ያሳደገው ነጋዴ ወይም ዲግሪ የጫነው ምሁር «እኔ ማንም ሳይረዳኝ፣ በራሴ ጥረት ነው እዚህ የደረስኩት» ይላል። እነዚህን አባባሎች በታክሲ ውስጥ፣ በሰርግ ቤት፣ በሽምግልና ላይ፣ አንዳንዴም ሶላት እስኪደርስ በመስጊድ ግቢ ውስጥ በሚደረግ ጨዋታ መሀል ሰምቻቸዋለሁ። አንባቢም ሳይሰማቸው የቀረ አይመስለኝም።

ላይ ላዩን ሲታዩ ሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸው። አንዱ ሁሉን ነገር ለተፈጥሮ ይሰጣል፤ ሌላው ሁሉን ነገር ለግል ጥረት ይሰጣል። ይሁንና ቀረብ ብሎ ላስተዋላቸው ሰው መንትዮች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ሌላው ሰው የለም። የመጀመሪያው «እኛ ለዚህ ልጅ መጥፋት ተጠያቂዎች አይደለንም» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «እኔ የማንም ባለዕዳ አይደለሁም» ማለት ነው። ተናጋሪው በሁለቱም ከዕዳ ነፃ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ለመሆኑ ይህ ነፃ መውጣት እውነት ነውን?

ሰሞኑን ሳነብበው የሰነበትኩት አንድ የሳይንስ ዘርፍ በዚህ ክርክር ላይ የሚለው ያለ መስሎ ታይቶኛል። ይኸውም በማኅፀን ውስጥ ባለ ሽል የነርቭ ክሮች እንዴት አድርገው መንገዳቸውን እንደሚያገኙ፣ እንዴትስ ተገናኝተው አንጎልን የሚያህል መረብ እንደሚሠሩ የሚያጠናው ዘርፍ ነው። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ነገሩን በተራ ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርታ የሌለው መንገደኛ

በአንድ አዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። የነርቭ ሕዋስ መልእክቱን የሚልክበት ቀጭን ክር ያወጣል፤ ባለሙያዎቹ አክሶን ይሉታል። አንዳንዱ ክር ከጎረቤቱ አያልፍም። ሌላው ግን የሩቅ መንገደኛ ነው፤ ከህብለ ሰረሰር ተነስቶ ወደ እግር የሚወርደው ክር በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች በአንድነት የታሰሩበት ገመድ ነው። ክሮቹ አንጎል ሲደርሱ በዘፈቀደ አያርፉም። በዓይን ውስጥ ጎረቤት የነበሩት በአንጎልም ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይቀመጣሉ፤ የምናየውም ዓለም ቅርፁን የሚይዘው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የት ተጽፎ ነው? ብዙዎቻችን «በዘር ውስጥ» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ነገር ግን ሂሳቡ አይገጥምም። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ዘረ መሎች 20,000 ያህል ብቻ ናቸው፤ በአንጎሉ ውስጥ ያሉት የሕዋሳት መገናኛዎች ግን ወደ 100 ትሪሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ክር «አንተ ከዚህ ተነስተህ እዚያ ግባ» የሚል የተናጠል ትእዛዝ አስቀድሞ ሊጻፍለት አይችልም። በዘር የምንወርሰው የከተማውን ሙሉ ካርታ ሳይሆን ጥቂት የጉዞ ደንቦችን ነው።

ስፔናዊው ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል በ1890 የጫጩት ሽል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በማደግ ላይ ያለ የነርቭ ክር ጫፉ ላይ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነገር እንዳለው አየ። ያየው ሕይወት የሌለውና በቀለም የተነከረ ናሙና ነበር፤ እርሱ ግን ይህ ጫፍ በሕይወት ሳለ እየዳበሰ ወደ ፊት የሚጓዝ መሆን አለበት ብሎ ገመተ። በ1907 አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ከእንቁራሪት ሽል የወሰደውን ቁራጭ በሊምፍ ጠብታ ውስጥ አኑሮ ክሩ ከሕዋሱ ወጥቶ ሲያድግ በዓይኑ ተመለከተ። ግምቱ እውነት ሆነ።

የዚህ ጫፍ ስፋት የአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ ቢሆን ነው። ጣት የሚመስሉ ቀጫጭን ነገሮች ያወጣል፤ ዙሪያውን ይዳብሳል፤ የተስማማውን ይይዛል፤ ያልተስማማውን ይለቃል። ዓይን የለውም፤ አእምሮ የለውም፤ የሚሄድበትን አገር አያውቅም። ነገር ግን ይደርሳል።

መንገድ ዳር የቆሙት

ታዲያ እንዴት ይደርሳል? አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት ስንፈልግ እንዴት እንደምንደርስ እናስብ። የጎዳናና የቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። «እስከ መስጊዱ ሂድና እዚያ ጠይቅ» እንባላለን። መስጊዱ አጠገብ ያለው ባለሱቅ «ወፍጮ ቤቱን አልፈህ ወደ ግራ» ይለናል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጠች እናት ደግሞ በእጇ በሩን ታሳየናለች። ከሦስቱ አንዳቸውም ሙሉውን መንገድ አልነገሩንም፤ እኛ ግን ደርሰናል። የነርቭ ክርም ጉዞ ከዚህ ብዙ አይለይም።

በ1976 ማይክል ቤት የተባለ ተመራማሪ በአንበጣ ሽል እግር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ክሮች ከአንድ ሕዋስ ወደ ሌላ ሕዋስ እየተረማመዱ እንደሚጓዙ አሳየ። እነዚያ ሕዋሳት በመንገዱ ላይ እዚህም እዚያም ቆመው ይጠብቃሉ፤ መንገድ ጠቋሚዎች ብንላቸው ይገባቸዋል። በ1983 ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚህን ጠቋሚዎች ብቻ መርጠው ሲያጠፏቸው ክሮቹ አቅጣጫ ጠፍቷቸው ተንከራተቱ። ክሮቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ዘራቸውም እንደ ነበረ ነው። የጎደለው መንገድ ዳር መቆም የነበረበት ነው።

እነዚህ ጠቋሚዎች የሚናገሩት በኬሚካል ነው። በ1994 በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙ ሳይንቲስቶች ከብዙ ሺህ የጫጩት ሽሎች አንጎል አንጥረው ክሮችን ወደ ራሱ የሚስብ ፕሮቲን አገኙ፤ በሳንስክሪት ቋንቋ «መሪ» ከሚል ቃል ወስደውም ኔትሪን አሉት። በ1999 ደግሞ ስሊት የሚባለው ፕሮቲን የተቃራኒውን ሥራ እንደሚሠራ፣ ማለትም ክሮችን «አትቅረብ» ብሎ እንደሚያባርር ተገለጸ። ሁለቱም በሰውነታችን መሐል መስመር ላይ ካሉት ሕዋሳት ይመነጫሉ። ከግራ ወደ ቀኝ መሻገር ያለበት ክር ወደ መስመሩ ሲመጣ መጠሪያውን እንጂ ማባረሪያውን አይሰማም። ከተሻገረ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀድሞ ያልሰማውን ከልካይ ይሰማል፣ በጠራው ድምፅም መሳቡን ይተዋል። ስለዚህም አንድ ጊዜ ይሻገራል እንጂ እየተመላለሰ አይባክንም።

ይህ ጥሪ በማይሰማበት ጊዜ ምን ይሆናል? በ2010 በሞንትሪያል ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት የኔትሪንን ጥሪ የሚቀበለው ፕሮቲን ጉድለት ያለባቸውን ቤተሰቦች ገልጿል። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ችግሩ የታየባቸው ሰዎች ቀኝ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ግራ እጃቸውም ሳይታዘዝ አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲጽፍ እናስብ። አስተማሪው «ያንን እጅህን አርፈህ አስቀምጥ» ቢለው፣ አልሰማም ብሎም ቢመታው፣ ልጁ የሚቀጣው ከመወለዱ በፊት በህብለ ሰረሰሩና በአንጎሉ ውስጥ በሳተ መንገድ ነው። ምን ያህሉ ቁጣችን እንዲህ ባለ ነገር ላይ እንደሚወርድ አላህ ያውቃል።

ሌላም ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ኔትሪን ክሮችን የሚስበው ከሩቅ እንደሚሰማ ጥሪ ሆኖ እንደሆነ ይታመን ነበር። በ2017 የወጡ ጥናቶች ግን ክሮቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ የተነጠፈው ኔትሪን፣ ማለትም በየእርምጃው የሚረገጠው የቅርቡ፣ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። የሩቁም ጥሪ ዋጋ አላጣም፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በተጨማሪም የመጀመሪያዎቹ ክሮች መንገዱን የሚጀምሩት ሽሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ርቀቱም አጭር ሳለ ነው። ሰውነቱ ሲያድግ መንገዱም አብሮ ይረዝማል፤ ኋላ የሚመጡት ቀዳሚዎቹ በዘረጉት ላይ ተደግፈው ይሄዳሉ።

መድረስም ብቻውን አያበቃም። ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ አይሁዳዊት በመሆኗ በ1938 በወጣው የዘር ሕግ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ተገለለች፤ በቱሪን ከተማ በመኝታ ክፍሏ ውስጥ የዶሮ እንቁላል እየሰበሰበች የሽሎችን ነርቭ ትመረምር ነበር። እርሷና ባልደረቦቿ በኋላ ያረጋገጡት ነገር የሚያስገርም ነው። ክሩ ከታሰበለት ስፍራ ደርሶ ከዚያ የሚሰጠውን የሕይወት ስንቅ ካላገኘ ሕዋሱ ይሞታል። በአንዳንድ የነርቭ ክፍሎች ከተፈጠሩት ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ይጠፋሉ። ይህች ሴት በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብላለች።

እንቁራሪቷና የድመቷ ግልገል

እስካሁን ያልነው ሁሉ የክሮቹን ጉዞ የሚመለከት ነው። ነገር ግን አንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ እኮ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ እንግዲያው ከእናቱ ሆድ ይዞት መጣ የሚለው ልክ ነው» ቢል ምን እንመልስለታለን? በ1981 የተሰጠውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት እንመልከት። ግማሹ ለሮጀር ስፔሪ፣ ግማሹ ለዴቪድ ሁብልና ለቶርስተን ቪዝል ተሰጠ። ስፔሪ የተሸለመው በሌላ ሥራው፣ በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ጥናት ነው። ቀደም ብሎ በእንቁራሪት ላይ የሠራውን ግን ከሁብልና ከቪዝል ሥራ ጋር አቀራርቦ የሚያይ ሰው ትልቅ ትምህርት ያገኛል።

ስፔሪ ወደ ሳይንስ ሲገባ መምህሩ ፖል ዋይስ ክሮች የትም ቢሄዱ ግድ የለም፤ አጠቃቀም ያስተካክላቸዋል የሚል እምነት ነበረው። ስፔሪ በ1940ዎቹ የእንቁራሪትን የዓይን ነርቭ ቆርጦ ዓይኗን ላይ ታች ገለበጠው። የእንቁራሪት ነርቭ እንደገና ያድጋል፤ አደገም። ክሮቹም እያንዳንዳቸው ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ተመለሱ። ዓይኑ ግን ተገልብጧልና ዝንቧ ከላይ ስትመጣ እንቁራሪቷ ምላሷን ወደ ታች ትወረውር ነበር። እስከ መጨረሻው አልታረመችም። ክሮቹ ለአድራሻቸው ታማኞች ነበሩ፤ ታማኝነታቸው ግን አስራባት።

ሁብልና ቪዝል ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ነገር አሳዩ። አዲስ የተወለደች የድመት ግልገል አንድ ዓይኗን ለጥቂት ወራት ሸፍነው ከቆዩ በኋላ ገለጡት። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ብርሃን ይቀበላል። አንጎሏ ግን ከዚያ ዓይን ለሚመጣው መልእክት መልስ አልሰጠም። ተከፍቶ የነበረው ዓይን ክሮች የተሸፈነውን ስፍራ ወስደውታል። በአዋቂ ድመት ላይ ያው ነገር ረዘም ላለ ጊዜ ሲደረግ ግን ይህ ጉዳት አልታየም። የእነዚህ እንስሳት ስቃይ ራሱን የቻለ የሞራል ጥያቄ ነው፤ ለዛሬ እናቆየው።

እንግዲህ ከእንቁራሪቷ አድራሻ አስቀድሞ እንደሚሰጥ ተማርን፤ ከድመቷ ግልገል ደግሞ በአድራሻው ደርሶ መቆየት በአጠቃቀም እንደሚወሰን፣ ይህም የጊዜ ገደብ እንዳለው ተማርን። ሁለቱም እውነት ናቸው። ተፈጥሮ በሩ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በሩን የሚከፍት ያስፈልጋል። «ከእናቱ ሆድ ይዞት መጣ» የሚለው አባባል የታሪኩን አጋማሽ ተናግሮ የሚያቆም ነው። ሌላው አጋማሽ «ከእናቱ ሆድ ከወጣ በኋላ ምን አገኘ?» የሚል ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህ ለሰው ልጅ የወሬ ጉዳይ አይደለም። የዓይን ሞራ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። አዋቂ ሰው ሞራው ከዓመታት በኋላ ቢገፈፍለት እይታው ይመለሳል። ሕፃን ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሞራው ብርሃንን የሚከለክል ከሆነ ሐኪሞች በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲወጣለት ይመክራሉ። ቢዘገይ ዓይኑ ቢጸዳም አንጎሉ በዚያ ዓይን ማየትን በሚገባ ሳይማር ይቀራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በ1688 ዊልያም ሞሊኔ የተባለ የአየርላንድ ሰው ለፈላስፋው ጆን ሎክ አንድ ጥያቄ ላከ። ዕውር ሆኖ የተወለደ፣ ኳስንና ዳይን በእጁ ዳብሶ የሚለይ ሰው፣ ድንገት ዓይኑ ቢበራ ሳይነካቸው በማየት ብቻ ይለያቸዋልን? ለ300 ዓመታት ፈላስፎች ተከራከሩበት። ከእነርሱም ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም በእይታ ጥናት መጽሐፉ፣ ማየት የዓይን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ትውስታና ማነጻጸር፣ በልምድም የሚገኝ ፍርድ አለበት ብሎ ነበር። በ1083 የተገለበጠው የዚህ መጽሐፍ ቅጂ ውስጥ ያለው ሥዕል ሁለቱ ዓይኖች በነርቭ ከአንጎል ጋር ሲገናኙ ያሳያል፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት የነርቭ ሥዕሎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው።

የሞሊኔ ጥያቄ መልስ ያገኘው በሕንድ አገር ነው። ፓዋን ሲንሃ የተባለ ትውልደ ሕንድ ምሁር ከተወለዱ ጀምሮ የማያዩ፣ ሕክምና ሳያገኙ ያደጉ ልጆችን ዓይን የሚያሳክምና እይታቸውን የሚያጠና ፕሮጀክት አቋቋመ፤ ስሙም ፕራካሽ ነው፤ ብርሃን ማለት ነው። በ2011 በታተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 የሆነ አምስት ልጆች ተፈተኑ። ዓይናቸው እንደበራ ቀድሞ በእጃቸው የዳበሱትን ቅርፅ በዓይናቸው ሊለዩት አልቻሉም፤ መልሳቸው ከግምት ብዙ አልራቀም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ይለዩት ጀመር።

ይህ ውጤት ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። እነዚያ ልጆች ዘግይተው በማየታቸው ያጡት ጥራት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላቸውም። ሁለተኛ፣ ዘገየ ማለት አከተመ ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት «ከዚህ ዕድሜ በኋላ ማከም ትርፍ የለውም» ብለው የሚመልሷቸው ሐኪሞች ነበሩ፤ የልጆቹ ዓይን ይህን አባባል ውድቅ አደረገው። እንግዲህ አስቀድሞ መድረስ ግዴታ ነው፤ ዘግይቶ መድረስም ከመቅረት ይሻላል። በመዘግየት ሰበብ መቅረትን የሚያጸድቅ ሰው ከሁለቱም እውነቶች የሸሸ ነው።

ታዲያ ተጠያቂው ማን ነው?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሰው በራሱ ይደርሳልን? በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ኢብኑ ጡፈይል «ሐይ ኢብኑ የቅዛን» በተሰኘው ድርሰቱ ይደርሳል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ያደገው ልጅ ሐይ ያለ መምህርና ያለ ቋንቋ፣ በአእምሮው ብቻ እየተመራመረ ፈጣሪውን እስከ ማወቅ ይደርሳል። ድርሰቱ ትልቅ ነው፤ የሰውን አእምሮ ክብር ያሳያል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ኢብኑ ጡፈይል እንኳ ልጁን ያለ ሚዳቋ ሊያሳድገው አልቻለም። ጡቷን ያጠባችው፣ ከብርድ ያዳነችው እርሷ ናት። የሐይ ትልቁ ምርምርም የጀመረው እርሷ ስትሞት «ምን ሄደባት?» ብሎ በመጠየቁ ነው። በደሴቱ ላይ እንኳ መንገድ ዳር የቆመች ነበረች ማለት ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል። «ሁሉም ነገር የጠቋሚው ሥራ ከሆነ ሌባው ጥፋቱን በአስተዳደጉ ላይ ያላክካል፤ ነፍሰ ገዳዩም በጎረቤቶቹ ላይ፤ ታዲያ ኃላፊነት የሚባል ነገር የት አለ?» የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ተንቆ ሊታለፍ አይገባም።

መልሴ የሚከተለው ነው። ክር ሰው አይደለም። ክሩ ስለ መንገዱ አያውቅም፤ የመጣበትን ዞሮ አያይም፤ «ተሳስቻለሁን?» ብሎ አይጠይቅም። እንቁራሪቷ ምላሷን ዕድሜ ልኳን ወደ ታች የወረወረችው ለዚህ ነው። ሰው ግን ስለ ራሱ መንገድ መስማት ይችላል፤ ሲነገረው ያስባል፤ ይጸጸታል፤ ይመለሳል። ስለዚህ የጥፋቱን ምክንያት ማስረዳት ጥፋቱን መሰረዝ አይደለም። ዳኛ የሌባውን አስተዳደግ ቢያውቅ የተሰረቀው ንብረት አልተሰረቀም አይልም። የእኛ ተጠያቂነትም በእርሱ ተጠያቂነት ላይ ይጨመራል እንጂ የእርሱን አያነሳለትም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ መንገደኛም ጠቋሚም ነው፤ ስለ ጉዞው ይጠየቃል፣ ስለ ቆመበትም ስፍራ ይጠየቃል። የመንገድ ዳሩ ሕዋስ መቆም አለመቆምን አይመርጥም። እኛ እንመርጣለን። ሰው ከክር የሚለየው በዚህም ጭምር ነው።

በእኛ ዘንድ ሂዳያ የአላህ (ሱ.ወ.) እንደሆነ ይታወቃል፤ ሰበብ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ሰውን ነው። «ቀደር ነው» የሚለው ቃልም ለደረሰብን መከራ መጽናኛ እንዲሆነን እንጂ ላላደረግነው ነገር መሸሸጊያ እንዲሆነን የተሰጠን አይመስለኝም። ኔትሪን መገኘቱም የፈጣሪን ሥራ አላሳነሰውም። ሥራውን በማናውቀው ነገር ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው እውቀት በጨመረ ቁጥር እምነቱ የሚሸሽ ይመስለዋል፤ በምናውቀውም ውስጥ የሚያየው ግን እንዲህ ያለ ስጋት የለበትም።

ስለ ምክር አንድ ነገር ልጨምር። በ1997 ሙ-ሚንግ ፑ የተባለ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ በእንቁራሪት የነርቭ ክር ላይ ባደረጉት ሙከራ ያው ኔትሪን ክሩን ይስበው የነበረው፣ በክሩ ውስጥ ያለው የአንድ ኬሚካል ኃይል ሲዳከም ያባርረው ጀመር። ጥሪው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው ውስጥ ነው። እኛ አንድ ወጣት ሲያጠፋ በአደባባይ እንገሥጸዋለን፤ ከሸሸ «ምክር አይሰማም» እንላለን። ተርቦ ነው? ተዋርዶ ነው? ቤት ውስጥ ምን አለበት? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አንድን ሰው ያቀረበ ቃል ሌላውን ሊያርቅ እንደሚችል የምናውቅ ከሆነ ከቃሉ በፊት የሰሚውን ሁኔታ መመልከት ግድ ይለናል። ይህን ከክሩ የተማርኩት አይደለም፤ ደግ አስተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ክሩ ያስታወሰኝ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ምንድን ነው? ሁሉም ሰው የሩቅ ድምፅ፣ ትልቅ ተናጋሪ ወይም ታዋቂ ዓሊም መሆን አይጠበቅበትም። የሚያስፈልገው ቅርብ መሆንና በጊዜው መገኘት ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ በስሙ ጠርቶ «ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድክም እንዴ?» ቢለው አንድ እርምጃ አሳየው። የቁርኣን አስተማሪው ሐርፍ የከበደውን ልጅ ከመምታት ይልቅ ዓይኑ ያይ እንደሆነ፣ ጆሮው ይሰማ እንደሆነ ቢጠይቅ ሌላ እርምጃ አሳየው። ባለሱቁ ሥራ ፈትቶ ደጃፉ ለሚቀመጠው ልጅ ሚዛን መያዝን ቢያስተምረው ሦስተኛውን አሳየው። ከእነዚህ አንዳቸውም ሙሉውን መንገድ አያውቁም፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም።

መቀበልንም አንርሳ። ከእስር የወጣ፣ ከሱስ የተላቀቀ፣ ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው እስከ በራችን ከመጣ ከባዱን ጉዞ በራሱ ተጉዟል። ደርሶ ተቀባይ ያጣ ሕዋስ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። እንዲህ ያለውን ሰው «ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ነው» ብሎ ከበር መመለስ፣ የተመለሰውን ሰው እንደገና ማጥፋት ነው።

«በራሴ ጥረት ነው የደረስኩት» ለሚለውም ወንድማችን አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። ጥረቱን አንክድበትም፤ ሌሊት መንቃቱን፣ ላቡን ማፍሰሱን እናውቃለን። ነገር ግን ፊደል ያስቆጠረህ ማን ነበር? ብድር ያበደረህ፣ ዋስ የሆነህ፣ ስትታመም ሱቅህን የጠበቀልህስ? ስማቸውን አንድ በአንድ ይቁጠር። ቆጥሮ ሲጨርስ ከመካከላቸው በሕይወት ያለ ካለ ሄዶ ይዘይረው፤ የሞተ ካለ ዱዓ ያድርግለት። ከዚያም ዛሬ እርሱ የቆመበትን ቦታ ይመልከት፤ በዚያ በኩል ማን እያለፈ ነው?

ወላሁ አዕለም።